አያቴ «የፈላሻ ጀበና» አሉ፤ እንግዳዋ ዝም አለች

ጥያቄ፦ የምኖረው አዘዞ ነው። ባለፈው ሰሞን ከእስራኤል የመጣች አንዲት ሴት ቤታችን ቡና ጠጣች። እናቷ የወለቃ ሰው ነበሩ፤ አገር ለቀው የወጡት በ1983 ዓ.ም. ነው። አያቴ ጀበናውን ብድግ አድርገው «ይሄ እኮ የፈላሻ ጀበና ነው! እንዲህ ያለው ዛሬ የት ይገኛል?» አሉ። ማድነቃቸው ነበር። ሴትዮዋ ግን ፊቷ ተለዋወጠ፤ ሲኒውን አስቀመጠች፤ ሁለተኛውንም ሳትጠጣ ተነሣች። አያቴ እስካሁን «ምን ክፉ ነገር ተናገርኩ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ቃሉ ስድብ ነው እንዴ? ከ«ፍልሰታ» ጋርስ ይዛመዳል? ሬዲዮ ላይ «ስደተኛ»፣ «ፍልሰተኛ» ሲባል የምሰማውስ ከዚሁ የመጣ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። አያትዎ በልባቸው ክፋት እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ቃሉ ግን ያቆስላል። ለምን እንደሚያቆስል ለማየት ከሥሩ እንነሣ።

ሥሩ ግዕዝ ነው፦ ፈለሰ። ከነበረበት ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ ማለት ነው። በዚህ ውስጥ አንዳች ስድብ የለም። በግዕዙ ዳዊት «ፈላሲ አነ ውስተ ምድር» ይላል፤ «በምድር ላይ እንግዳ ነኝ» ማለቱ ነው። ቤቱንና ዘመዱን ትቶ የወጣ መነኩሴም ፈላሲ ይባል ነበር። እንዲያውም የክብር ስም ነበር ማለት ይቻላል።

«ፍልሰታ»ም የዚሁ ልጅ ናት። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የምንጾማት፣ በ16 የምንፈታት ጾም ሙሉ ስሟ «ፍልሰታ ለማርያም» ነው። «ፍልሰት» መሄድ፣ መዛወር ነው። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ታ» ደግሞ በግዕዝ «የእርሷ» የሚለውን ይዛለች። ስለዚህ «ፍልሰታ» ብቻዋን ስትጠራ እንኳ «የእርሷ ፍልሰት» እያልን ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያስተውል ዕድሜውን ሙሉ ይጠራታል፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ መምህሬ ሲነግሩኝ ነው የነቃሁት። ግንቦት 12 የሚታሰበው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅምም ያው ነው፤ ዐፅማቸው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ መዛወሩ ነው።

ታዲያ «ሲ» እንዴት «ሽ» ሆነ? ይህ የአማርኛ ጠባይ ነው። ግዕዝ አድራጊውን ሲጠራ መጨረሻው ላይ «ኢ» ያሰማል፤ ወራሲ፣ ወላዲ፣ ፈላሲ ይላል። አማርኛ ያችን «ኢ» ከፊቷ ካለው ፊደል ጋር ያቀልጣታል። ወላዲ ወላጅ ይሆናል። ወራሲ ወራሽ ይሆናል። ፈላሲም ፈላሽ፣ ከዚያም ፈላሻ። ከሳሽ፣ ለባሽ፣ አራሽ ስንል የምንሠራው ይህንኑ ነው።

ወራሽና ፈላሽ በአንድ ቅርጽ የወጡ መሆናቸውን ልብ ይበሉልኝ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1414 እስከ 1429 የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን፣ ማለትም ኋላ ፈላሻ የተባሉትን የኢትዮጵያ አይሁዳውያን፣ ድል ካደረጉ በኋላ ዐዋጅ አስነገሩ ይባላል። የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፤ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን የሚል ዐዋጅ ነው። አንዱ ወራሽ፣ ሌላው ፈላሽ። ርስት ማለት በዚያ ዘመን ምን እንደነበረ የጎንደር ሰው አይጠፋውም። ርስት የሌለው ሰው የሚያርሰው የለውም፤ የሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ነው።

እንግዲህ ሰሜን፣ ወገራና ደምቢያ ላይ ለዘመናት የኖረ፣ ሙታኑን እዚያው የቀበረ ሕዝብ «አላፊ» ተባለ። ቀዬው ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ተባለ። መሬት ሲያጣ እጁን ወደ ሥራ አዞረ፦ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፣ ሸክላ ሠራ። በጎንደር አብያተ መንግሥት ግንባታም ግንበኛና አናጢ ሆኖ ሠርቷል። ምስጋናው ግን «ቡዳ» መባል ሆነ። «ፈላሻ» ከ«ቡዳ» ጋር በአንድ አፍ ሲጠራ ኖሮ፣ የዳዊቱ ፈላሲ ትርጉም ከላዩ ተገፈፈ። እንግዳዎ የሰማችው ይህን ሁሉ ነው። እናቷ ልጅ ሳሉ ውሃ ወርደው ሲመለሱ ከኋላቸው ይጣልባቸው የነበረው ቃል ይሄው ሊሆን ይችላል።

ራሳቸውን የሚጠሩት «ቤተ እስራኤል» ብለው ነው። አንድ ሕዝብ ስሜ ይህ ነው ካለ፣ በእኔ እምነት ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል። የቃሉ ሥር ንጹሕ ነው ብሎ መከራከር ለመዝገበ ቃላት እንጂ ለጎረቤት አይሆንም። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከጎንደር ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ወለቃ ላይ ቱሪስት ለመሳብ በዚያው በድሮው ስም የተጻፈ ሰሌዳ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

የሚያሳዝነው፣ ስሙ በመጨረሻ እውነት ሆነ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ብዙ ሺሕ ሰው ወደ እስራኤል ወጣ። በዚያ መንገድና በሱዳን መጠለያዎች 4,000 ገደማ ሰው እንደሞተ ይነገራል። ከዚያ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በ36 ሰዓት ውስጥ፣ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። የእንግዳዎ እናት ከእነዚህ መካከል ሳይሆኑ አልቀሩም። ለመቶዎች ዓመታት ሳይሄዱ «ሂያጅ» የተባሉ ሰዎች፣ ሲሄዱ ስሙን ጥለውት ሄዱ። እዚያ ደርሰው «ፈላሻ አትበሉን» ማለታቸው ለምን እንደሆነ አሁን የሚገባን ይመስለኛል።

ወደ ሬዲዮው ልምጣ። «ፍልሰተኛ» በቅርቡ የተለመደ ቃል ነው፤ ከፍልሰት የተሠራ፣ ለሥራም ለኑሮም ብሎ ከቦታ ቦታ የሚሄደውን ሁሉ የሚይዝ። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርደው ጎረምሳም፣ ዓረብ አገር የሄደችው ልጅም ፍልሰተኛ ናቸው። «ስደተኛ» ሥሩ ሌላ ነው፦ ሰደደ። ተሰደደ ሲባል የሰደደው አለ፤ ጦርነትም ይሁን ንጉሥ ወይም ረሃብ። የ2011ዱ የስደተኞች ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1110ም ቃሉን የሚጠቀመው ከአገሩ ሸሽቶ ጥበቃ ለሚሻ ሰው ነው። በተራ ንግግር ሁለቱን እናደባልቃለን፤ ቡና ላይ ሲሆን ግድ የለም፤ ዜና ላይ ግን ባይሆን እመርጣለሁ።

«ተፈናቃይ»ን አልጠየቁኝም፤ ግን ሳልል አላልፍም። ፈነቀለ ማለት ድንጋይን ከሥሩ በዘንግ አንሥቶ ማገላበጥ ነው። «መፈንቅለ መንግሥት»ም ከዚሁ የወጣ ነው። የተፈናቀለ ሰው ከአገሩ ወሰን አልወጣም፤ ግን ከመሬቱ ተነቅሏል።

አሁን ወደ ጀበናው። በድሮው መንገድ የተሠራ ከሆነ መሽከርከሪያ ሳይኖር በእጅ ተድቦልቡሎ፣ በለስላሳ ድንጋይ ታሽቶ፣ ሜዳ ላይ በእሳት የተተኮሰ ነው። ወለቃ ላይ ዛሬም የሚሠሩ ሴቶች አሉ፤ ጥበቡን ከሄዱት ጎረቤቶቻቸው የወረሱ። አያትዎ እንግዲህ «የወለቃ ጀበና» ይበሉት። እንግዳዎም ስልኳ ካለዎት ይደውሉላትና አያትዎ ራሳቸው ያናግሯት። ሁለተኛውን ሲኒ ሳትጠጣ ነው የሄደችው፤ ሦስተኛው በረካም ቀርቶባታል።