240 ሺህ ማይል የሄደ ራም ፒክአፕ ልገዛ ነው፣ ሁለት ፈረስ ይጎትታል ወይ ላልሽው

ይጎትታል። የ2001 ዶጅ ራም 2500 ላይ ያለው 5.9 ሊትር ከሚንስ የናፍጣ ሞተር፣ ዘይቱ በወቅቱ ሲቀየር ከኖረ 240 ሺህ ማይል ብዙ አያስጨንቀውም። ሁለት ፈረስ ከነተሳቢው ብዙውን ጊዜ 7 ሺህ ፓውንድ ገደማ ቢሆን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሞተሩ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ነው። ከመግዛትሽ በፊት እነዚህን እዪ።

1. ሻጩ ቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሪው። ስትደርሺ ሞተሩ ሞቆ ከጠበቀሽ፣ ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚታይ ችግር እየደበቀ እንዳይሆን ጠርጥሪ።

2. ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተሽ እዚያው ላይ ገልብጠሽ አስቀምጪው። ከውስጥ የሚወጣው አየር ገፍቶ ከጣለው ሞተሩ ደክሟል፤ ተይው።

3. ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ዘይቱን አሽትቺ። የዚያ ዘመን ራም ደካማ ጎኑ ይሄ ነው። የማረር ሽታ ካለው የካምቢዮ ማሠሪያ ከዋጋው ላይ ይቀነስልሽ።

4. ናፍጣ ከታንከር የሚገፋው ትንሹ ፓምፕ ግፊቱ ይለካ። እሱ ሲደክም ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ውዱን የኢንጄክሽን ፓምፕ ይዞት ይሞታል። ተቀይሯል ካሉሽ ደረሰኝ ጠይቂ።

ሻጩ «ተሳቢ ስቦ አያውቅም» ካለሽ ደግሞ ከኋላ ያለውን የመጎተቻ ኳስ እይው። ቀለሙ ተፍቆ ካብረቀረቀ ሰውየው ቀልዶብሻል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ብዙ ሰው ባዶውን ነድቶ ይገዛና ችግሩን ቁልቁለት ላይ ያገኘዋል። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት ተሳቢ አስረሽ፣ ክብደት ጭነሽ፣ ፈረስ ግን ሳትጭኚ ሞክሪው። የተሳቢውን ፍሬን ከሹፌሩ ወንበር የሚቆጣጠረው መሣሪያ ከሌለው አስገጥሚ። ድንገት ፍሬን ስትይዢ ፈረሱ ቆሞ ነው ያለው፤ ቀበቶ የለውም።