«በአንድ ጨዋታ ነው እኮ የተበላሁት!»

በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ቤቲንግ ስለሆኑ ሶስቱን አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው። ቤቲንግ እንደሚጫወት ያወቅነው ሰሞኑን ነው፣ ያውም ከጓደኞቹ ተበድሮ መክፈል ሲያቅተው። ስቆጣው «ስምንቱ ገብቶልኝ በአንዷ ነው የተበላሁት፣ አሁን ገብቶኛል» ይለኛል። እናታችን ደግሞ ዕዳውን ከፍላ ነገሩን መዝጋት ነው የምትፈልገው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ «በአንዷ ነው የተበላሁት» የምትለዋ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በኔ እይታ ብዙ ወጣት ይዛ የምታስቀረው እሷ ናት፣ ማሸነፉ አይደለም። አንጎል ላይ የተሰሩ ጥናቶች እንዳሳዩት ለጥቂት መሸነፍ ስናሸንፍ የሚነቃቃውን የአንጎል ክፍል ያነቃቃል፣ ስለዚህ ልጁ ተበልቶም «ቀርቤ ነበር» የሚል ስሜት ይዞ ነው የሚነሳው። ጨዋታዎቹ የተያያዙበት ቲኬት ግን ሁሉም ካልገቡ አይከፍልም፣ ስምንት ገባ ዜሮ ገባ ያው ባዶ ነው።

ስትረጋጉ አብራችሁ ይቺን ሂሳብ ስሩ። ሃምሳ ሃምሳ ዕድል ላለው ጨዋታ ትክክለኛው ኦድ (ሲገባ ያስያዝከው ብር የሚባዛበት ቁጥር) 2 ነው፣ አጫዋቹ ድርጅት ግን 1.90 ምናምን ይሰጣል፣ ልዩነቷ የሱ ናት፣ ከመቶ 5 ማለት ነው። አምስት እንደዚህ ያለ ጨዋታ ስታያይዙ ሁሉም የመግባት ዕድሉ ከ32 አንድ ሲሆን የሚከፈለው ግን ወደ 25 እጥፍ ብቻ ነው፣ አስር ሲሆን ደግሞ ዕድሉ ከ1024 አንድ፣ ክፍያው 613 እጥፍ ገደማ። ማለትም ጨዋታ በጨመረ ቁጥር የአጫዋቹ ድርሻ ከመቶ 5 የነበረው ወደ 23፣ ከዛ ወደ 40 ይወጣል። ብዙ ላያያዘ ቦነስ ሲጨምሩ ታዲያ ምን ይገርማል! ኳስ ማወቁም ይሄን አይቀይርም፣ ኦዱን የሚያወጡትም ኳስ ያውቃሉ።

«ለምን ትጫወታለህ» ከምትዪው ደግሞ አፑ ላይ ያስገባውንና ያወጣውን ገንዘብ ዝርዝር አብራችሁ ክፈቱት። ስልኩን ብታዪ የበላበት ቲኬት ስክሪንሾት አይጠፋም፣ የተበላበትን ግን ማን ስክሪንሾት ያደርጋል? ስለዚህ ሲዋሽሽ ሁልጊዜ አስቦበት ነው ማለት አይደለም፣ እውነትም የሚያስታውሰው ያሸነፈውን ነው። ጨዋታ እየታየ ግን ይሄን ወሬ አታንሺ።

ስለ ዕዳው፣ እናትሽ መርዳት ይችላሉ ግን በስተመጨረሻ ነው፣ መጀመሪያ ማን ስንት እንዳበደረው ሙሉ ዝርዝሩ ይውጣ (የመጀመሪያው ዝርዝር ብዙ ጊዜ ሙሉ አይደለም፣ ደግማችሁ ጠይቁ) ከዛ ገንዘቡ በሱ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ለአበዳሪው ይሰጥ፣ እሱም ቀስ እያለ ከኪሱ የሚመልሰው ነገር ይኑር። ዝም ብሎ ከተከፈለለት ሌላ የገባለት ቲኬት ነው የሚመስለው።

ጥያቄ፦ 22 ዓመቴ ነው። ደሞዝ እስኪገባ አልጫወትም፣ በገባ ማግስት ግን ያልቃል። የተበላሁትን ብቻ መልሼ ማቆም ነው የምፈልገው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ «መልሼ አቆማለሁ» የምትለው ነገር ራሱ የበሽታው አንዱ ምልክት ነው። የአሜሪካ የሳይካትሪ ሐኪሞች ማህበር በ2013 ባወጣው መመሪያ የቁማር ችግርን ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር አንድ ምዕራፍ ውስጥ ነው ያስገባው፣ ከዘጠኙ ምልክቶች በ12 ወር ውስጥ አራቱ ከታዩ ችግሩ አለ ይባላል፣ ከነሱ አንዱ የተበሉትን ለማስመለስ ተመልሶ መጫወት ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለው ዓይነት ነው። የሄደው ሄዷል፣ የሚቀጥለው ጨዋታ አንተ ስንት እንደተበላህ አያውቅም።

ደሞዝህ ለጊዜው በምታምነው ሰው እጅ ይግባና በሳምንት በሳምንት ይስጥህ። አካውንትህን አፑን በማጥፋት ብቻ አትተወው፣ ድርጅቱ ራሱ እንዲዘጋብህ ጠይቅ፣ «የተረጋገጠ ጨዋታ» ከሚሸጡ የቴሌግራም ቻናሎችም ውጣ፣ ውጤቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ላንተ አይሸጥልህም። ካልሆነልህ ባለሙያ ጋር ሂድ፣ አስተሳሰብ ላይ የሚሰራ የንግግር ህክምና ለዚህ ይረዳል። ከዕዳው የተነሳ መኖር ካስጠላህ ግን ይሄ መጽሔት አይበቃህም፣ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ተናገርና ሐኪም ቤት ሂድ።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ ጌም ውስጥ በገንዘብ ሳጥን እየገዛ ይከፍታል። ቁማር ነው ልበል?

መልስ፦ ባይባልም አሰራሩ በጣም ይመሳሰላል እናቴ፣ ከፍሎ ምን እንደሚወጣ አያውቅም። ቤልጂየም በ2018 እንደዚህ ካሉ ሳጥኖች አንዳንዶቹን ቁማር ናቸው ብላ ከልክላለች። ጌሙን አይንጠቁት፣ የክፍያ ካርዱን ከስልኩ ያውጡና ግዢውን በእርስዎ ፓስወርድ ያድርጉት። ሲለምንዎት ደግሞ እስካሁን ከከፈታቸው ሳጥኖች የሚፈልገው ዕቃ ስንቴ እንደወጣለት ራሱ ይቁጠርልዎ።