መልስ፦ አለቃ ስሆን እንዳልታበይ ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ «የቡና መጋዘን ኃላፊ ከሆንኩ ወዲህ ጓደኞቼ ተቀየርክ ይሉኛል» ብለሃል። ዘዳግም 17ን አንብብ። ንጉሡ ዙፋን ላይ ሲቀመጥ ሕጉን ለራሱ ጽፎ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያነበው ታዟል። ለምን? ልቡ በወንድሞቹ ላይ እንዳይኮራ። «በወንድሞቹ» ነው የሚለው፣ «በአገልጋዮቹ» አይደለም። ይቺ ቃል እኔን ሁሌ ታስደነግጠኛለች።

የመጀመሪያውን የእስራኤል ንጉሥ ሳኦልንም እይ። ሲመረጥ ዕቃ መሃል ተደብቆ ነበር። በኋላ ለራሱ ሐውልት አቆመ።

እኔም እዚሁ ጅማ ቡድን መሪ የሆንኩ ሰሞን ሰላምታዬ አጥሮ ነበር። (እኔ አልታወቀኝም፤ የነገረችኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት።) አሁን ጠዋት ቡና የምጠጣው ከእሷና ከጥበቃዎቹ ጋር ነው። አንተም ከቡና ለቃሚዎቹ ጋር ጀምር። ሥራ ሲበላሽ ግን ዝም አትበል፣ እሱ ትሕትና አይደለም።