ልጃችሁ የግሪክ ፊደል ያለበት ጃኬት ለብሶ ሲመጣ

ባለፈው የገና ጾም ጎረቤቴ ደወለችና «ጋሼ፣ ልጄን ምን ውስጥ እንዳስገቡት እንጃ!» አለችኝ። ስደርስ፣ ኮሌጅ የገባው ልጇ ቡናማ ጃኬት ወንበር ላይ ተጥሏል፤ ደረቱ ላይ ሦስት የግሪክ ፊደላት በነጭ ክር ተጠልፈዋል። ጠበል ልትረጨው ትንሽ ነው የቀራት።

እንደ እሷ ለምትደነግጡ ወላጆች፦ ነገሩ የተማሪዎች የወንድማማችነት ማኅበር ነው፤ ፍራተርኒቲ ይሉታል። የልጁ የላቲኖች፣ ማለትም ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ ተማሪዎች ነው። ላምዳ ቴታ ፋይ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ኒው ጀርሲ፣ ኪን ኮሌጅ ውስጥ 14 ተማሪዎች አቋቋሙት። ላቲኖ ያልሆነውንም ይቀበላል።

እኔ ግን የምወደው ከዚህ የቀደመውን የሌላ ላቲኖ ማኅበር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ትሮይ ከተማ ባለው ሬንሴሌር ፖሊቴክኒክ የሚማሩ የላቲን አሜሪካ ልጆች «ኡኒዮን ኢስፓኖ አሜሪካና» የሚል ማኅበር መሠረቱ። ሉዊዚያና፣ ካሊፎርኒያና ማሳቹሴትስ የነበሩትም የየራሳቸውን አቋቋሙ። ቀስ በቀስ ተዋሕደው፣ በታኅሣሥ 1931 እዚያው ትሮይ ላይ ፋይ አዮታ አልፋ የሚባል አንድ ማኅበር ሆኑ። ምሰሶ ብለው የመረጧቸውን፣ ለአገራቸው ነፃነት የታገሉ ሰዎች ተመልከቱ፦ የቬኔዝዌላው ቦሊቫር፣ የአርጀንቲናው ሳን ማርቲን፣ የቺሊው ኦሂጊንስ፣ የሜክሲኮው ሁዋሬዝ፣ የኩባው ማርቲ። አምስት ሰው ከአምስት አገር! በአንድ ከተማ ሦስት ዕድር ያለን እኛ ይህን ስንሰማ ትንሽ ብናፍር አይከፋም።

ይህ ማለት ግን ዓይናችሁን ጨፍኑ ማለት አይደለም። መዋጮው ስንት እንደሆነ፣ የአባላቱ ውጤት እንዴት እንደሆነ ጠይቁ። ከሁሉ በላይ አዲስ ገቢን ማንገላታት መኖሩን አጣሩ። የእኅቴ ልጅ በአንድ ማኅበር ሌሊት ሌሊት እየቀሰቀሱት ሁለት ፈተና ወድቋል፤ ደግሞም ምሥጢር ነው ብሎ ለወር ያህል አልተነፈሰም። በ2024 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ኮሌጆች እንዲህ ያለውን በደል ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ልጁ ማኅበሩ ውስጥ ለመግባት ከመፈረሙ በፊት የኮሌጁን ዘገባ ከእሱ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡ።

ከዚያ ጓደኞቹን ቤት ጥሩ። ጎረቤቴ የነገርኳትን ሰምታ አራቱን አስጠራች። ሽሮው ሲቀርብ አንደኛው ማንኪያ ፈለገ፤ ልጇ ግን እጁን ይዞ እንጀራ አቆራረስ ያሳየው ጀመር። እናትየው ከጓዳ በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች፤ ጃኬቱ ለብቻው መስቀያ ላይ ተሰቅሏል።