እህቴ ነጩን ድንኳን ትላለች እናቴ የቅሬውን

ሰላም እትዬ እንዴት ሰነበቱ? አምድዎን ሁሌ አነባለሁ ግን ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ቤታችን ውስጥ ሰላም ጠፍቶ ነው የጻፍኩት፣ ያውም በድንኳን።

እኛ ደሴ ነን፣ ሸዋ በር አካባቢ። ታናሽ እህቴ ልታገባ ነው፣ ቀኑ የተቆረጠው ለዳግማይ ትንሣኤ እሁድ ነው። ምሳው እኛ ቤት ነው፣ ለአዳራሽ አቅሙም የለንም፣ አባዬም ደሞ "ልጄን ከደጄ ነው የምሸኛት" ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። ስለዚህ ድንኳን በራችን ፊት ያለው ኮብልስቶን ላይ ይጣላል ማለት ነው። ሰው ወደ 300 ይጠጋል፣ ድንኳን ሰባሪውን ሳይጨምር።

እማዬ የምትለው የቅሬያችን (የእድራችን) ድንኳን እያለ ብሩ ለምን ይባክናል ነው። ስንት ዘመን ያዋጣንበት ነው፣ ለአባል ደሞ በትንሽ ብር ነው የሚሰጡት፣ አግዳሚውም ድስቱም ሳህኑም አብሮ ይመጣል። እህቴ ግን ሞቼ ነው ቆሜ ብላለች። ለቅሶ ሲዋልበት የከረመ ድንኳን ስር ቬሎ ለብሼ አልቀመጥም ሟርት ነው ትላለች፣ እውነት ለመናገር ድንኳኑም አርጅቷል፣ ቀለሙ ሄዷል፣ ጎኑ ላይ የቅሬው ስም በትልቁ ተጽፎበታል ፎቶ ላይ መውጣቱ አይቀርም። እሷ ቲክቶክ ላይ ያየችው ነጭ አለ፣ ጣራው ከውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ መብራት የተንጠለጠለበት ምናምን፣ እሱን ካላገኘች ሰርጉ ሰርግ አይመስላትም። ኮምቦልቻ የሚያከራይ ልጅ አግኝታ ፎቶ ልኮላታል፣ አልዋሽም ያምራል፣ ዋጋው ግን ለበሬ ከያዝነው ብር አይተናነስም። ልጁ ደሞ "የፋሲካ ሰሞን ነው ሌላ ሰው ይወስደዋል ሙሉውን አሁኑኑ በቴሌብር ላኩ" ይላል፣ ደረሰኝ ስለው "እንተማመን እንጂ" ብሎ ሳቀ።

እኔ መሀል ላይ ነኝ። ከሌላ ብንከራይ ቅሬው ናቁን አይልም ወይ? ወጥ የሚሰሩት እነሱ፣ የሚያሳልፉት እነሱ፣ ነገ ሲከፋን የሚመጡት እነሱ። ከእንግዶቻችን ግማሽ ያህሉ ደሞ ሙስሊም ናቸው፣ የአባዬ የንግድ ጓደኞችና የሰፈር ሰው፣ ምግቡ ሁለት እንደሚሆን የታወቀ ነው፣ አክስቴ ግን ድንኳኑም ሁለት ይሁን እያለች ነው። ዝናቡስ? የሙሽራው ቤተሰቦች ደሞ ነጩ ከሆነ ግማሹን እኛ እንክፈል ብለዋል፣ አባዬ ይሄን ሲሰማ ዝም ብሎ ተነስቶ ወጣ። ምን ይሻለናል?

የሙሽሪት ታላቅ፣ ከደሴ

መልስ

አብሽሪ እታለም። ከነጩ ድንኳን በፊት የቅሬውን ነገር እንጨርስ፣ ሌላው ከሱ ነው የሚመጣው።

እናትሽ ያልነገረችሽ አንድ ነገር አለ፣ ወይ ልብ አላለችውም። የቅሬ ድንኳን ከሁሉ በፊት የለቅሶ ነው። ለሰርግ ሲሰጥ "ለቅሶ ካልገባ" ተብሎ ነው የሚሰጠው፣ ደንቡ ላይ የጻፈው ቅሬም ያልጻፈውም የሚሰራው እንደዛው ነው። ቅዳሜ ማታ ሰፈር ውስጥ ሰው ቢያርፍ፣ እግዜር ያርቀውና፣ እሁድ ጠዋት ድንኳኑ የት ነው የሚቆመው? ሀዘንተኛው ደጅ ነዋ! መቆምም ያለበት እዛ ነው፣ እናትሽም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቀድማ የምትሄደው እሷው ነች። ያኔ 300 ሰው ፀሐይና ዝናብ ላይ ሊቀመጥ ነው። አንዳንዱ ቅሬ ሁለት ድንኳን አለው፣ የናንተ እንዳለው ሰብሳቢውን ጠይቂ፣ አንድ ብቻ ከሆነ ግን የሰርግ ምሳ በሱ ላይ ተማምኖ አይጠራም።

ስለዚህ እኔን ካልሽ እንግዳ የሚቀመጥበትን ተከራዩ፣ የቅሬውን ደሞ ለጓዳ ውሰዱት። ወጡ የሚሰራበት፣ እንጀራው የሚቀመጥበት፣ ድስት የሚጣድበት ጓሮ እሱ ይጣል። ለቅሶ ከገባ ይነሳል፣ እናንተም አንድ ሁለት ሸራ ወጥራችሁ ማብሰሉን ትቀጥላላችሁ፣ ማንም ሳያፍር። ቅሬውም አልተናቀም። አባትሽና እናትሽ አብረው ሰብሳቢው ቤት ይሂዱና "ሰርግ አለብን፣ ድንኳኑን ለጓዳ ስጡን፣ የእንግዳ መቀመጫውን ልጆቹ ተከራይተዋል" ብለው በአፋቸው ይንገሩ። ሰው የሚቀየመው በተከራያችሁት አይደለም፣ መኪና ላይ ነጭ ሸራ ተጭኖ ሲመጣ ከሌላው እኩል ሲያይ ነው። ስትሄዱ ለቅሶ ቢገባ ስለ ድምፅ ማጉያው ምን እንደሚደረግ አብራችሁ ተነጋገሩ፣ ሀዘን ቤት አጠገብ ሲሆን ሙዚቃው መዘጋቱ የታወቀ ነው ግን ዲጄው ቀድሞ ይወቀው፣ እዛው እለት ሚዜና ዲጄ ሲጨቃጨቁ ደስ አይልም።

ሟርት ለምትለው ሙሽራችን ግን አንድ ነገር ልበላት። ያ ድንኳን ለቅሶ ብቻ አልዋለበትም፣ ሰደቃም ማህበርም የልጅ ምርቃትም ዋለበት፣ እሷም ምናልባት ክርስትናዋ የተበላው እሱ ስር ነው፣ እናትሽን ጠይቂያት። አርጅቷል ካለች እሺ፣ ፎቶ ላይ አያምርም ካለችም እሺ፣ የሷ ቀን ነው። ሟርት የሚለውን ግን ቅሬዎቹ ፊት እንዳትደግመው ምከሪያት፣ ስድብ ነው።

አሁን ወደ ኮምቦልቻው ልጅ። ሙሉውን ብር አትላኩ። አራት ነጥብ። ቀብድ ስጡና ወረቀት ተጻጻፉ። ወረቀቱ ላይ ደሞ "ቀብድ" ተብሎ ይጻፍ፣ ዝም ብሎ ቅድሚያ ክፍያ አይባል፣ ለምን መሰለሽ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ መስጠት ውል መኖሩን ያስረዳል ይላል፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ደሞ ቀብድ የሰጠው ከተወው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከተወው እጥፉን ይመልሳል። ሌላ ሰው ጨምሬ እሰጣለሁ ሲለው ልጁን የሚያሳስበው ይሄ ነው። ዳግማይ ትንሣኤ ላይ ስንት ሰርግ እንዳለ አንቺ ታውቂያለሽ፣ አንዱን ድንኳን ለሁለት ቤት ቃል የሚገባ ሞልቷል። ወረቀቱ ላይ ቀኑን፣ ድንኳኑ በሜትር ስንት በስንት እንደሆነ፣ ጎን መጋረጃው አብሮ እንዳለ፣ ወንበሩና ጠረጴዛው ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደሚተክልና እንደሚነቅል፣ ጭነቱ በማን እንደሆነ ጻፉ፣ ተፈራረሙ፣ የሁለታችሁም የመታወቂያ ቁጥር ይግባበት፣ ሁለት ምስክር ቢኖር ደሞ ጥሩ። ወረቀት አልጽፍም ካለ ድንኳኑ ቢያምርም እለፉት። ቅዳሜ ከሰዓት ተተክሎ ይደር የሚለውም ይግባ፣ እሁድ ጠዋት የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ ነው የሚል ስልክ ለሙሽሪት እናት ምን እንደሚያደርጋት አስቢው። ሲራገፍ የተቀደደውንና የተቃጠለውን ቦታ በስልክሽ አንሺ፣ ሲመለስ "እናንተ ናችሁ የቀደዳችሁት" የሚል አይጠፋም።

እሱን ከመያዛችሁ በፊት ግን እዛው ደሴ ጠይቁ። ኮምቦልቻ ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች፣ ታች ኮምቦልቻ ላይ የሚያምረው ጎኑ ክፍት የሆነ ድንኳን ከጦሳ ተራራ ስር ንፋስ ሲመጣበት ሌላ ነው። የደሴ አከራይ ይሄን ያውቀዋል፣ ቢጎድል ቢቀደድም ቶሎ ይደርሳል።

መጠኑ ላይ እንምጣ፣ እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። 300 ሰው እኩል አይቀመጥም፣ ምሳ በፈረቃ ነው፣ 150 ያህል ባንዴ ቢቀመጥ ይበቃችኋል። ክብ ጠረጴዛ ከሆነ ለሰው ከ1 ካሬ ሜትር ትንሽ ከፍ አድርገሽ ያዢ፣ ቡፌና የሙሽሮቹን መድረክ ስትጨምሪበት ወደ 200 ካሬ ይመጣል፣ 10 በ20 ማለት ነው። በአግዳሚ ከሆነ ከዛ ብዙ ያንሳል። ግን ኮብልስቶኑ 10 ሜትር ስፋት አለው ወይ? ሜትር ይዘሽ ውጪ፣ በግምት አይሆንም። ካጠበበ ጠባብና ረጅም ድንኳን ነው የሚያስፈልጋችሁ፣ በጎን ደሞ ሰውና አምቡላንስ የሚያሳልፍ ይተው። መንገድ ስለምትይዙ ቀበሌም ይወቅ፣ ጎረቤትም መኪናውን ቀድሞ ያውጣ። ቀና ብለሽም እይ። ሰፈር ውስጥ የመብራት ሽቦ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለበት አለ፣ የድንኳኑን ብረት ሲያቆሙት ጫፉ ሽቦ ቢነካ ሰርጉ እዛው ለቅሶ ነው። ቦታው ከሽቦ ስር ከሆነ ፈቀቅ በሉ፣ በጥንቃቄ እናልፈዋለን የሚል ልጅ አትስሚ።

ኮብልስቶን ላይ ካስማ አይመታም። አከራዩን የመጀመሪያ ጥያቄሽ "ገመዱን በምን ታስሩታላችሁ" ይሁን። አጥር ላይ፣ መብራት ፖል ላይ ካለሽ ሌላ ሰው ፈልጊ። ደህና ሰራተኛ በርሜል ውሃ ይሞላል፣ አንዱ በርሜል 200 ሊትር ሲሆን 200 ኪሎ ነው፣ ወይ በአሸዋ የተሞላ ጆንያ ይደረድራል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንዳንዱ የሚያስረው ለዓይን ነው፣ ንፋስ ሲመጣ አብሮ ነው የሚጎተተው።

ዝናቡን የጠየቅሽው ልክ ነሽ። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ውስጥ ነው የሚውለው፣ ዳግማይ ደሞ ከሳምንት በኋላ፣ በኛ በወሎ ይሄ በልግ ነው፣ ዘንቦ ከሆነ ተመስገን የሚባልበት ወር። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብትይ 200 ካሬ ጣራ ላይ 4,000 ሊትር ነው፣ አራት ቶን ውሃ። ይሄ ሁሉ መውረድ አለበት። ጣራው ሹል ሆኖ በደንብ ከተወጠረ ይወርዳል፣ ልል ከሆነ ግን ሸራው መሀሉ ላይ ሆዱን ይነፋል፣ አንዱ ጎረምሳ በመጥረጊያ እጀታ ከስር ወደ ላይ ሲገፋው ውሃው ተሰብስቦ ሽማግሌዎቹ ላይ ነው የሚገለበጠው። ሁለት ድንኳን ገጥመው የሚተክሉላችሁ ከሆነ ደሞ መገናኛው ላይ አሸንዳ አለው ወይ በይ፣ ከሌለው ያቺ ክፍተት ልክ እንደ ቧንቧ ነች፣ ቡፌውን ከሷ ስር እንዳታደርጉት። ደሴ ደሞ ሜዳ የለም፣ መንገዱ ቁልቁል ነው፣ ጎርፉ ከላይ በእንግዳው እግር ስር ነው የሚያልፈው፣ በላይኛው በኩል የአሸዋ ጆንያ ደርድሩና ወደ ቦዩ መልሱት። ንፋሱ ብረቱን ማንሳት ከጀመረ ጎረምሶቹን ብረቱን ያዙ ብሎ ማንጠልጠል የለም፣ ሰውን ወደ ቤትና ወደ ጎረቤት ግቢ ማስገባት ነው።

ማታ ሲበርድ ጎኑ ሁሉ ተዘግቶ የቡና ከሰል ውስጥ ይገባል፣ እሱን ከልክሉ። ከሰል የሚያወጣው መርዘኛ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይጥላል። ጄነሬተርም ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ይቁም።

አክስትሽን በተመለከተ፣ ኧረ ወሎ ላይ ሆኖ! ሁለት መሆን ያለበት ጓዳው ነው እንጂ መቀመጫው አይደለም። የሙስሊሙን በሬ ሙስሊም ይረድ፣ ሙስሊም ሴቶች ይስሩት፣ ድስቱ ጭልፋው ሳህኑ ሁሉ የተለየ ይሁን፣ ከቅሬ የሚመጣውም ዕቃ አስቀድሞ ይለይ፣ ማንም "ይሄ የማን ነው" ብሎ እንዳይጠራጠር። ቡፌውን በአንዱ ድንኳን ውስጥ በሁለት ጫፍ አድርጉት፣ ለያንዳንዱ የራሱ አሳላፊ ይቁምለት። አባትሽ ከንግድ ጓደኞቹ ጋር በልጁ ሰርግ ቀን በመጋረጃ ሊለያይ ነው እንዴ? ለመስገጃ ግን ንጹህ ምንጣፍና ውሃ ያለበት አንድ ክፍል አዘጋጁ፣ ዙሁር ምሳው መሀል ነው የሚገባው።

ጣራው ውስጥ ያለውን ጨርቅና መብራቱን ለብቻ ዋጋ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ዋጋውን የሚሰቅለው ድንኳኑ ሳይሆን ዲኮሩ ነው። ተራ ነጭ ድንኳን ይዛችሁ ጨርቁን ከሙሽሮቹ መድረክ በላይ ብቻ ብታደርጉት እህትሽ ፎቶዋን ታገኛለች፣ በሬውም ይታረዳል። ሚዜዎቹ እንትን እንስቀል ቢሏት እሺ ትበል፣ ለጌጥ ስትሉ ግን መውጫውን እንዳትዘጉት፣ በሁለት በኩል ክፍት ይሁን።

የሙሽራው ወገን ግማሹን እንክፈል ማለታቸው ክፋት የለውም፣ ያስከፋው አነጋገሩ ነው፣ "ነጩ ከሆነ" ማለታቸው። አባትሽን የቆረጠው እሱ መሰለኝ። ምሳው በእናንተ ደጅ ስለሆነ ድንኳኑን አባትሽ ይክፈል፣ ዲኮሩንና መብራቱን እነሱ ይቻሉ፣ ለአባትሽ ይሄን የምትነግሪው ግን አንቺ አትሁኚ፣ የሱን እኩያ አንድ ሽማግሌ ላኪ። ውሉ ላይ የሚፈርመውም አባትሽ ይሁን፣ ለአከራዩ የሚሰጠው ስልክ ደሞ ያንቺ ብቻ ይሁን፣ እህትሽ በዛ ሳምንት ስልክ ብታነሳም የምትሰማ አይመስለኝም።