በአሸዋ ምድር አንበጣ ምን በልቶ ይራባል?

ጥያቄ፦ በ2012 ዓ.ም. ሰብላችንን ያወደመው የበረሃ አንበጣ መነሻው የአረብ ምድር አሸዋማ በረሃ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ሣር ቅጠል በማይታይበት አሸዋ ላይ ያ ሁሉ መንጋ ምን በልቶ ተራባ? (አንድ አርሶ አደር፣ ከራያ ቆቦ)

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው፤ በእርግጥ እርስዎ ማሳ ላይ ያረፈው ከዚያ የተነሣው አንበጣ ራሱ ሳይሆን የልጅ ልጁ ነው። ሩብ አል ኻሊ የሚባለው ይህ በረሃ ሳዑዲ አረቢያን፣ ኦማንን፣ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶችንና የመንን የሚያካልል ሲሆን፣ ስፋቱ 650,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ግማሽ በላይ ነው። ከአሸዋ ክምሮቹ አንዳንዶቹ 250 ሜትር ያህል ይቆለላሉ፤ በመካከላቸውም የጠጠርና የጨው ሜዳዎች ተዘርግተዋል። የዓመቱ ዝናብ ከ50 ሚሊ ሜትር የማያልፍ በመሆኑ ምድሩ የሞተ ይመስላል።

ነገር ግን አሸዋ የዘነበበትን ውኃ ሳያጎርፍ ወደ ውስጥ ያሰርጋል፤ የላዩ ንጣፍ ቶሎ ደርቆ እንደ ክዳን ስለሚሆንም ከሥሩ ያለው እርጥበት በፀሐይ ተንኖ አያልቅም። ዘራቸው አሸዋው ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ የቆየ ዕፀዋት ይህን እርጥበት ሲያገኙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በቅለው ያብባሉ። ሴቷ አንበጣም የምትሻው ይህንኑ ነው፤ የሆዷን ጫፍ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ድረስ ወደ እርጥቡ አሸዋ ሰርስራ እንቁላሏን ታስቀምጥና ቀዳዳውን በአረፋ ትደፍነዋለች። አሸዋው ደረቅ ከሆነ አትጥልም።

በግንቦት 2010 ዓ.ም. መኩኑ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ሉባን የተባሉ አውሎ ነፋሶች ከዓረብ ባሕር ተነሥተው በበረሃው ላይ ከባድ ዝናብ አወረዱ፤ በክምሮቹ መካከልም ሐይቆች ተፈጠሩ። አንድ ዝናብ ቢሆን ኖሮ ዕፀዋቱ ሲደርቁ አንበጣውም ባለቀ ነበር። ሁለተኛው ዝናብ ግን ልምላሜውን ስላራዘመው አንበጣው በዘጠኝ ወር ውስጥ ሦስት ትውልድ አፈራ። በአንድ ትውልድ ሃያ እጥፍ ስለሚበዛ፣ በሦስተኛው ላይ 8,000 እጥፍ ደረሰ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ሲሆን ያየ አለመኖሩ ነው፤ መንገድም ነዋሪም በሌለበት በዚያ ስፍራ ቁጥጥር አልነበረም። መንጋው ወደ የመን ሲሻገርም በጦርነቱ ሳቢያ መከላከሉ አዳጋች ሆነ፤ እዚያም ተራብቶ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የኤደን ባሕረ ሰላጤን አቋርጦ ወደ ሶማሊያና ወደ ኢትዮጵያ ገባ።