ስለ 2005 ዓ.ም. ኳሳችን የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ባለፈው እሁድ ሆጤ ሜዳ ዳር ቁጭ ብለን ሳለ አንድ ልጅ «ዋልያዎቹ ዓለም ዋንጫ ሊገቡ ነበር የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ። ለካ እሱ ያኔ ገና ይድህ ነበር። ደነገጥኩ። እኛ ትናንት የሆነ የሚመስለን ነገር ለእነሱ ተረት ሆኗል። ስለዚህ ስለ 2005 የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ አልኩ፤ ከደሴም ከኮምቦልቻም ጥያቄው ጎረፈ። ቀኖቹን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

ከየት ይጀመር? ለአፍሪካ ዋንጫ እንዴት አለፍን?

መጀመሪያ ቤኒን ነበረች። አዲስ አበባ 0 ለ 0፣ እነሱ ሜዳ 1 ለ 1። ድምሩ እኩል ሲሆን ከሜዳው ውጪ ብዙ ያገባው ያልፍ ስለነበር፣ ከሜዳ ውጪ ባገባናት አንዷ ጎል አለፍን። ከዚያ ሱዳን መጣች። ጳጉሜ 3 ቀን 2004 እነሱ ሜዳ 5 ለ 3 ተሸነፍን። አምስት ጎል ሲቆጠርብን ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ነበር፣ ግን ያቺ «3» ወርቅ ነበረች። ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አገቡና 2 ለ 0 አለቀ። ድምሩ 5 ለ 5፣ ከሜዳ ውጪ ያገባነው በለጠ። በቃ፣ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገባን! የዚያን ቀን ማታ እዚህ ደሴ ፒያሳ የነበረ ሰው ያስታውሳል። መኪናው ሁሉ ጡሩምባውን እየነፋ ከቧንቧ ውሃ እስከ ሰኞ ገበያ ይመላለስ ነበር፤ እኔም ድምፄ ጠፍቶ ሦስት ቀን በሹክሹክታ ነበር የማወራው።

ከኮምቦልቻ ነኝ። ደቡብ አፍሪካ ላይ ከተደረገው አፍሪካ ዋንጫ አንድ ነጥብ ብቻ ይዘው ነው የተመለሱት። ታዲያ ምኑ ነው የሚያስመሰግነው?

እህቴ፣ ምድቡን ልንገርሽ። ዛምቢያ፣ ቡርኪና ፋሶና ናይጄሪያ። ዛምቢያ የወቅቱ ሻምፒዮን ነበረች። ናይጄሪያ ዋንጫውን በላች። በፍጻሜው የተሸነፈችው ማን ናት? ቡርኪና ፋሶ። የቀደመው ሻምፒዮንም፣ አዲሱ ሻምፒዮንም፣ ሁለተኛውም እኛ ምድብ ውስጥ ነበሩ። ይህ ሳይነሳ «አንድ ነጥብ» ሲባል ስሰማ ያንገበግበኛል።

ቡርኪና 4 ለ 0 መታን፣ እሱ እውነት ነው። በረኛቸው በቀይ ወጥቶ አሥር ሆነው ሦስት ጎል ጨመሩብን። እዚያ ላይ ልምድ አነሰን። እኛ ቁጥር በዝተናል ብለን ወደፊት ስንወጣ ኋላችን ባዶ ቀረ፣ እነ ፒትሮይፓ ደግሞ ባዶ ሜዳ ካገኙ የሚያዙ አይደሉም። ናይጄሪያን ግን እስከ 80ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ይዘናቸው ነበር። ጥር 21፣ የአስተርዮ ማርያም ዕለት ነው። ከበዓል ተመልሶ ዲኤስቲቪ ቤት የገባው ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ቪክተር ሞሰስ ሁለት ሪጎሬ አገባብን። በሁለተኛው ሪጎሬ በረኛችን ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ፣ ቅያሪ አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንፃ ጓንት አጥልቆ ጎል ውስጥ ቆመ።

የዛምቢያውን ቀይ ካርድ አስረዳን።

ጥር 13፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን። ስታዲየሙ ደቡብ አፍሪካ በሚኖሩ ልጆቻችን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሆኖ ነበር። ሳላዲን ሪጎሬ መታ፣ በረኛቸው ምዌኔ አዳነበት። ብዙም ሳይቆይ በረኛችን ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ ኳስ ሊያርቅ ሲል አጥቂውን በእግሩ መታውና በቀይ ወጣ። ሆን ብሎ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፣ ግን ቀዩ ተገቢ ነው። ዕረፍት ሊሆን ሲል ምቤሱማ አገባብን። አሥር ሆነን፣ በሻምፒዮኑ ተመርተን፣ አዳነ ግርማ በ65ኛው ደቂቃ አቻ አደረገን። ለእኔ የዚያ ዓመት ትልቁ ጎል ይህ ነው።

ሊጉን ማን በላ?

ደደቢት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጌታነህ ከበደ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆኖ ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ሄደ። ሳላዲን ደግሞ ከግብፁ ዋዲ ደግላ ወደ ቤልጂየሙ ሊርስ።

ጊዮርጊስስ በዚያ ዓመት ምን ሠራ?

ፈረሰኞቹ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ዛማሌክን ሁለት ጊዜ አቻ ወጥተው ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎል ነው የወደቁት። ከዚያ ወደ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ወርደው ምድብ ገቡ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ብሔራዊ ቡድኑ ከሞላ ጎደል በጊዮርጊስና በደደቢት ልጆች ነው የቆመው፣ ደጉ ደበበን፣ አዳነን፣ ሽመልስ በቀለን፣ ጌታነህን አስቡ። ከውጭ የመጡት ጥቂት ነበሩ። በየሳምንቱ እዚሁ ሲገናኙ ስለከረሙ ኳሱን ዓይን ሳያዩ ነበር የሚቀባበሉት። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻውም ያንን አውቀው አልበተኑትም። ዛሬ ቡድኑ ለምን እንደዚያ አይጫወትም ለምትሉኝ መልሴ ይኸው ነው፤ በየጥሪው ግማሹ ይቀየራል፣ መቼ ይተዋወቁ?

የምንያህል ተሾመ ጉዳይ ምንድን ነው? አባቴ ስሙ ሲነሳ አሁንም ይናደዳል።

አባትህ ልክ ናቸው፣ ግን ንዴታቸው በልጁ ላይ መሆን የለበትም። ነገሩ እንዲህ ነው። በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድባችን ደቡብ አፍሪካ፣ ቦትስዋናና መካከለኛው አፍሪካ ነበሩ። ምንያህል በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ አይቷል። ሁለት ቢጫ ካለህ ቀጣዩን ጨዋታ ታርፋለህ። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ስናሸንፍ ግን እሱ ተሰልፎ ነበር። ካርድ መቁጠር የተጫዋቹ ሥራ አይደለም፣ የጽሕፈት ሥራ ነው፤ ደብተር ላይ ሁለት መስመር መጻፍ ነበር የሚፈልገው።

ሰኔ 9 አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካ መጣች። በርናርድ ፓርከር አገባብን። ጌታነህ ከዕረፍት በፊት አቻ አደረገ። ከዕረፍት በኋላ ያው ፓርከር የራሱ መረብ ላይ አገባና 2 ለ 1! ምድቡን ጨረስን ብለን ጨፈርን። በዚያው ቀን ፊፋ ጉዳዩን እያየሁት ነው አለ። ደስታችን አንድ ሌሊት እንኳ ሳያድር። ከዚያ ቦትስዋና 3 ለ 0 አሸነፈች ተባለ፣ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን።

ከ13 ወደ 10 ወረድን፣ ደቡብ አፍሪካ 8 ይዛ አንድ ጨዋታ ቀርቷታል። ጳጉሜ 2 ቀን ከመካከለኛው አፍሪካ ጋር ብራዛቪል ላይ ተጫወትን፤ አገራቸው ስላልተረጋጋች ነው እዚያ የሆነው። 2 ለ 1 አሸነፍን። ካገቡት አንዱ ማን ነበር? ራሱ ምንያህል። ወላሂ ስክሪኑ ፊት አለቀስኩ። አቻ ብንወጣ ኖሮ በነጥብ እኩል ሆነን በጎል ልዩነት ደቡብ አፍሪካ ታልፍ ነበር፣ ምክንያቱም ቦትስዋናን 4 ለ 1 አሸንፋለች።

ናይጄሪያስ? የአዲስ አበባ ከፍታ ለምን አልጠቀመንም?

ጠቅሞናል፣ ለአንድ ሰዓት ያህል። ምድቡን አንደኛ ሆነን ጨርሰን ለዓለም ዋንጫው የመጨረሻ ደርሶ መልስ ከናይጄሪያ ጋር ተገናኘን። የመጀመሪያው አዲስ አበባ ላይ ነበር፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006፣ አረፋ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው። በመጀመሪያው አጋማሽ መስመር አልፋለች አላለፈችም የምንባባልባት ኳስ አለች። እኔ አልፋለች ባይ ነኝ፣ እስከዛሬ። ያኔ በቪዲዮ መፈተሽ የለም። ከዕረፍት በኋላ በኃይሉ አሰፋ አገባ። ኤመኒኬ መለሰ፣ 90ኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ በሪጎሬ ደገመ። ከፍታው ሳንባ ያደክማል እንጂ እንደ ኤመኒኬ ያለ ጉልበተኛ አጥቂ ሳጥን ውስጥ ሲገባ አያስቆምም። ኅዳር 7 ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ደርሶ መልሱን ብናልፍ ብራዚል ነበርን።

አሰልጣኙ ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ?

በአገር ውስጥ ተጫዋቾች ውድድር፣ ቻን በሚሉት፣ ሩዋንዳን በሪጎሬ አልፈው ነበር። ውድድሩ ላይ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፍን፣ በዚያው 2006 ተሰናበቱ። ለእኔ ቸኩለው ነው ያሰናበቷቸው።

በዚያ ዓመት ከወሎ ሊጉ ውስጥ ማን ነበር?

ማንም። ወልድያ የገባው በ2007 ነው። ለዚህ ነው የእኛ አገር ሰው ያንን ዓመት በሙሉ በስክሪን ያየው። ኮምቦልቻ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ አብሽር፣ ስለ ወልድያ የጠየቅከኝን ለብቻው እመልሳለሁ፤ እሱ ሌላ ረጅም ወሬ ነው። እሁድ ሆጤ ጨዋታ አለ፣ ከላይኛው በር በኩል ታገኙኛላችሁ።